ቼዝ ልጅን የሚያስተምረው ስንነጋገርበት ነው

የተከበራችሁ መምህራን፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ትታችሁ ስለ ልጆች ልትነጋገሩ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ልመናዬን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በትምህርት ቤታችሁ ለቼዝ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ እንድትሰጡ እፈልጋለሁ። ጎበዝ ለተባሉ ልጆች ብቻ በክበብ ሰዓት ሳይሆን፣ ለአንድ ሙሉ ክፍል በትምህርት ሰዓት። ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ቢሆን ደግሞ እመርጣለሁ።

ይህን ጥያቄ የሚያነሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በአንድ ተስፋ ይጀምራሉ። «ልጅዎ ቼዝ ከለመደ በሒሳብ ይጎብዛል» ይላሉ። ወላጅ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ቼዝ ይገዛል። ከዓመት በኋላ የሒሳብ ውጤቱ ያው ከሆነ ግን ቼዙ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። ልጁም የሚወደውን ጨዋታ ያጣል። ይህ እንዲሆን አልፈልግም። ስለዚህ ምን እንደምትጠብቁና ምን እንደማትጠብቁ በግልጽ ልናገር። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በእንግሊዝ አገር ከ2013 ጀምሮ አንድ ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ገንዘቡን የሰጠው «ኢዱኬሽን ኢንዶውመንት ፋውንዴሽን» የተባለ ተቋም ነው። ቼዙን ያስተማረው ደግሞ «ቼዝ ኢን ስኩልስ ኤንድ ኮሚዩኒቲስ» የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። 100 ትምህርት ቤቶች ገቡበት። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የ9 እና የ10 ዓመት ልጆቻቸውን ለ30 ሰዓት ያህል ቼዝ አስተማሩ፤ ግማሾቹ እንደ ወትሮው ቀጠሉ። ትምህርቱ ካለቀ ከአንድ ዓመት በኋላ የሁሉም ልጆች የፈተና ውጤት ተነጻጸረ። በ2016 ሪፖርቱ ወጣ። በሒሳብ ልዩነት አልተገኘም። በንባብም፣ በሳይንስም እንዲሁ።

በዚያው ዓመት ጆቫኒ ሳላ እና ፈርናንድ ጎቤ የተባሉ ተመራማሪዎች እስከዚያ ድረስ የተደረጉ 24 ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። ጎቤ ራሱ የኢንተርናሽናል ማስተር ማዕረግ ያለው የቼዝ ተጫዋች ነው፤ ጨዋታውን ሊያጣጥል የሚነሳ ሰው አይደለም። ያገኙት ነገር መካከለኛ የሆነ ጥቅም ነው። ከንባብ ይልቅ በሒሳብ ላይ ይታያል። ረዘም ላለ ጊዜ በተማሩ ልጆች ላይ ደግሞ ከፍ ይላል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ጠቆሙ። አብዛኞቹ ጥናቶች ቼዝ የተማሩትን ልጆች ያወዳደሩት ምንም አዲስ ነገር ካልተሰጣቸው ልጆች ጋር ነው። ልጅ አዲስ ነገርና አዲስ መምህር ሲያገኝ ይነቃቃል። ታዲያ ለውጡን ያመጣው ቼዙ ነው ወይስ መነቃቃቱ? ይህን መለየት አልተቻለም።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። ቼዝ እወዳለሁ፤ ለልጆችም አስተምራለሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ጥናቶቹ አንድ ትልቅ ነገር እየነገሩን እንደሆነ ተረዳሁ። እሱን ለማስረዳት ወደ አንድ የቆየ ሙከራ ልውሰዳችሁ።

በ1973 ዊልያም ቼይስ እና ኸርበርት ሳይመን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን እንዲህ አደረጉ። በእውነተኛ ጨዋታ መካከል የተገኘ የጠጠሮች አቀማመጥ ለ5 ሰከንድ ያህል ብቻ ያሳያሉ። ከዚያ ሸፍነው «ያየኸውን መልሰህ ደርድር» ይላሉ። የማስተር ደረጃ ያለው ተጫዋች አብዛኞቹን ጠጠሮች በየቦታቸው ይመልሳል። ጀማሪው ጥቂቶቹን ብቻ። ይህን ያየ ሰው «ቼዝ የማስታወስ ችሎታን ያሳድጋል» ሊል ይችላል። ግን ሙከራው አላበቃም። ቀጥለው ጠጠሮቹን ያለ ምንም ሥርዓት፣ እንደመጣ በትነው አሳዩ። በዚህ ጊዜ ማስተሩ ከጀማሪው እምብዛም አልተሻለም።

ይህ ምን ማለት ነው? ማስተሩ ያዳበረው ለሁሉም ነገር የሚሆን የማስታወስ ኃይል አይደለም። የቼዝ አቀማመጦችን አንድ ላይ አሰባስቦ የማየት ልምድ ነው። የስልክ ቁጥር ወይም የታሪክ ዘመን ሲሰጡት ያ ልምድ አይከተለውም። ችሎታ በራሱ ጊዜ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሥራ አይሻገርም። የሚያሻግረው ሰው ያስፈልጋል።

ትምህርት ቤት ውስጥ ያ ሰው መምህሩ ነው። ልጁ ቦርዱ ላይ ያደረገውን እንዲያውቀው፣ በቃል እንዲናገረው፣ ሌላ ቦታም እንዲያውለው የሚያደርገው መምህሩ ነው። ልጆቹን ቁጭ አድርጎ «ተጫወቱ» ማለት ብቻውን መዝናኛ ነው። መዝናኛም መልካም ነው፤ ልጅ መጫወት አለበት። እኔ ግን የትምህርት ሰዓት እየለመንኳችሁ ነውና ከዚያ የበለጠ ማቅረብ አለብኝ።

እንግዲህ ቼዝ ውስጥ ልጅ ምን ያገኛል? እኔ ከሁሉ በላይ የማስቀምጠው ቆም ማለትን ነው።

የ8 ዓመት ልጅ ጥያቄ ሲጠየቅ እጁ ከሐሳቡ ይቀድማል። ጥያቄው ሳያልቅ «እኔ! እኔ ልመልስ!» ይላል። ፈተና ላይም መመሪያውን ሳያነብ መጻፍ ይጀምራል። መምህራን ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። «ተረጋጋ፣ አስብ» ብንለው ልጁ ቃሉን ይሰማል እንጂ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። ማሰብ የሚታይ ነገር አይደለማ።

ቼዝ ላይ ግን ማሰብ ይታያል። በቼዝ ሕግ የነካኸውን ጠጠር ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው። ስለዚህ ልጁ ከመንካቱ በፊት ማሰብ አለበት። እኔ ልጆችን ሦስት ጥያቄ አስለምዳቸዋለሁ። እሱ ይህን ጠጠር ለምን አንቀሳቀሰ? እኔ ላይ ምን አደጋ አለ? እኔስ ምን ማድረግ እፈልጋለሁ? እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አድርገው ሦስቱን ጥያቄ ለራሳቸው እስኪመልሱ ድረስ ጠጠር አይነኩም። መጀመሪያ ላይ በጣም ይከብዳቸዋል። እየቆየ ግን ይለመዳል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ልጅ በደብተሩ የተሳሳተ መልስ ቢጽፍ ስህተቱን የሚያውቀው ደብተሩ ታርሞ ሲመለስ ነው። ምናልባት በሦስተኛው ቀን። እስከዚያ ምን አስቦ እንደጻፈው ረስቶታል። ቼዝ ላይ ያልተጠበቀ ፈረስ ትቶ ከሄደ በሚቀጥለው ተራ ይበላበታል። ምክንያቱና ውጤቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዕጣ የለም፣ ዳይስ የለም፣ ዳኛ አዳላብኝ የሚባልበት ነገርም እምብዛም የለም። ልጁ ያሰበውና የደረሰበት ሁለቱም ዓይኑ ፊት ናቸው። ስለ ስህተት ከልጅ ጋር ለመነጋገር እንዲህ የተመቸ ቦታ ሌላ አላውቅም።

መነጋገር ስል ከገዛ ታሪካችን አንድ ነገር ላንሳ። አገራችን ለቼዝ እንግዳ አይደለችም። አባቶቻችን ሰንጠረዥ የሚባል የራሳቸውን ቼዝ ይጫወቱ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት በትግራይ ገዥ በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ስለ ጨዋታው ሰፋ ያለ ጽሑፍ አሳትመዋል። የሰንጠረዥ አጀማመር ከዛሬው ቼዝ ይለያል። «ወረራ» ይባላል። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እያንዳንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ተራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ከዓለም የቼዝ ዓይነቶች መካከል በዚህ የተለየ ነው።

እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰንጠረዥ በጸጥታ የሚካሄድ ጨዋታ አልነበረም። ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው ይናገራል፣ ይመክራል፣ ይከራከራል። ዛሬም በየሰፈሩ ዳማ ሲጫወቱ ብትቆሙ ይህንኑ ታያላችሁ። የመንደሩ ሰው ከቦ ቆሞ «እሱን አትንካ!»፣ «ኧረ ወደዚህ ና!» ይላል። በውድድር ቼዝ ይህ ክልክል ነው፤ መከልከሉም ተገቢ ነው። ክፍል ውስጥ ግን ውድድር ላይ አይደለንም። ክፍል ውስጥ ይህ ወግ ሀብት ነው።

ስለዚህ ሁለት ለሁለት አጫውቱ። ይህን ምክር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። ሁለት ልጆች ነጩን፣ ሁለት ልጆች ጥቁሩን ይይዛሉ። ጠጠር የሚነካው ሁለቱ ከተስማሙ በኋላ ብቻ ነው። ሲጫወቱ ስሟቸው፦

«ፈረሱን እንብላው።»

«ቆይ፣ ከበላነው ንግሥታችን ትጋለጣለች።»

«የት ነው የምትጋለጠው?»

«እዚህ ጋ። ቢሾፑ ያያታል።»

«እሺ፣ መጀመሪያ ንግሥቷን እናሽሽ።»

«እናሽሽና ፈረሱ ቢሄድስ?»

እነዚህ ልጆች ምን እያደረጉ ነው? አንዱ ሐሳብ ያቀርባል። ሌላው ማስረጃ ይጠይቃል። «ይህን ብናደርግ ያ ይሆናል» እያሉ ገና ያልሆነን ነገር ይመረምራሉ። ሐሳቡ ውድቅ የሆነበት ልጅ አይጣላም፤ ምክንያቱን ቦርዱ ላይ አይቶታልና። በሳይንስ ክፍል፣ በድርሰት፣ በኅብረተሰብ ትምህርት የምንፈልገው ይህንን አይደለም እንዴ? ዝም ብሎ ብቻውን የሚጫወት ልጅ ይህን ሁሉ በልቡ ሊያስበው ይችል ይሆናል። ላያስበውም ይችላል። መምህሩ ሊያውቅ አይችልም። ሲናገር ግን ይሰማዋል፤ ሲሰማው ያርመዋል።

ለእኛ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ሁለት ለሁለት ከተጫወቱ 15 ቦርድ ብቻ ይበቃል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ቼዝ በራሱ ሒሳብ አያስተምርም ብያለሁ። ሒሳብ ለማስተማር ግን በጣም የተመቸ ቁሳቁስ ነው። ልዩነቱን ልብ በሉልኝ።

ቦርዱ 64 ቤቶች አሉት። አግድም ያለው በፊደል፣ ሽቅብ ያለው በቁጥር ይጠራል። ልጁ «ፈረሱ ኤፍ ሦስት ላይ ነው» ሲል አንድን ቦታ በሁለት ምልክት እየገለጸ ነው። በኋላ በሒሳብ ግራፍ ላይ ነጥብ ማስቀመጥ ሲማር የሚያደርገው ያንኑ ነው። ግን መምህሩ ያን ቀን የቼዙን ቦርድ ይዞ ገብቶ «ይህን እኮ ታውቁታላችሁ» ካላለ ልጁ በራሱ አያገናኘውም።

የጠጠሮቹን ዋጋ ውሰዱ። ወታደር 1፣ ፈረስና ቢሾፕ 3፣ ሩክ 5፣ ንግሥት 9 ይባላል። ንጉሡ ዋጋ የለውም፤ እሱ ከተያዘ ጨዋታው ያልቃል። ከንጉሡ በቀር የአንድ ወገን ጠጠሮች ሲደመሩ 39 ይሆናሉ። የ2ኛ ክፍል ልጅ ይህን ማስላት ይወዳል። ሩክ ሰጥቶ ፈረስና ወታደር ቢቀበል ተጠቀመ ወይስ ከሰረ? መደመርና መቀነስ ነው፤ ግን ልጁ መልሱን ለማወቅ ይቸኩላል፣ ምክንያቱም ጨዋታው የእሱ ነው።

ከፍ ላሉት ደግሞ «ፈረስ ከጥግ ቆሞ ስንት ቤት መሄድ ይችላል? ከመሐል ቆሞስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከጥግ 2፣ ከመሐል 8 ነው። በእያንዳንዱ ቤት ላይ መልሱን እንዲጽፉ አድርጉ። ቁጥሮቹ ሥርዓት እንዳላቸው ራሳቸው ያገኙታል። ሌላ ቀን «ቦርዱ ላይ ስንት ካሬ አለ?» በሏቸው። ሁሉም «64» ብለው ይጮኻሉ። «ሁለት በሁለት የሆኑትስ? ሦስት በሦስት የሆኑትስ? ቦርዱ ራሱስ ካሬ አይደለም?» በሏቸው። ጸጥ ይላሉ። መልሱ 204 ነው። 64፣ 49፣ 36 እያለ እስከ 1 ድረስ ይወርዳል። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያልቃል፤ ደወሉ ሲደወል የሚያዝን ልጅም አይጠፋም።

ይህን መንገድ በስፋት የሠራችበት ሰው ዩዲት ፖልጋር ናት። ሃንጋሪያዊት የቼዝ ተጫዋች ናት። በ1991፣ በ15 ዓመቷ፣ በቼዝ ከፍተኛ የሆነውን የግራንድማስተር ማዕረግ አግኝታ፣ ማዕረጉን በትንሽ ዕድሜ በማግኘት የአሜሪካዊውን የቦቢ ፊሸርን ሪከርድ ሰበረች። በ2002 የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን አሸነፈች። ከዚያ ፊቷን ወደ ልጆች አዞረች። «ሻክፓሎታ» የተባለ የትምህርት መርሐ ግብር አዘጋጀች፤ «የቼዝ ቤተ መንግሥት» ማለት ነው። ከ2013 ጀምሮ በሃንጋሪ ትምህርት ቤቶች ገብቷል። በጣም የምወድላት የመርሐ ግብሩ ዓላማ ቻምፒዮን ማፍራት አለመሆኑ ነው። ጠጠሮቹና ቦርዱ ለሒሳብ፣ ለቋንቋ፣ ለሥዕል ትምህርት መሣሪያ ሆነው ያገለግላሉ።

ስለ ዩዲት ካነሳሁ የሴት ልጅ ወላጆችን ላናግር። ትንንሽ ልጆችን ሳስተምር በ7 እና በ8 ዓመት ሴቶቹና ወንዶቹ እኩል ይወዱታል። ትንሽ ከፍ ሲሉ ሴቶቹ ይቀንሳሉ። ችሎታ አጥተው አይደለም። ክበቡ ከትምህርት በኋላ ስለሆነ እነሱ ቤት ሥራ ይጠብቃቸዋል። ወይም ክፍሉ በወንዶች ተሞልቶ ብቻቸውን ይሆናሉ። በትምህርት ሰዓት፣ ለሙሉ ክፍል ይሁን ብዬ የምለምነው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። በክበብ ከሆነ የሚያገኘው ጊዜና ነፃነት ያለው ልጅ ነው።

ቼዝ የባለጸጋ ልጅ ጨዋታ ነው የሚል አለ። የጎረቤታችንን የምሥራቅ አፍሪካን ታሪክ ይመልከት። ፊዮና ሙቴሲ በካምፓላ ካትዌ በሚባለው የድሆች መንደር ያደገች ልጅ ናት። ሮበርት ካቴንዴ የተባለ ሰው በሰፈሩ ልጆችን እየሰበሰበ ቼዝ ያስተምር ነበር፤ ገንፎም ያበላቸው ነበር። ፊዮና መጀመሪያ የሄደችው ተርባ ነው። በኋላ አገሯን ዩጋንዳን ወክላ በቼዝ ኦሊምፒያድ ተሰለፈች። በናይጄሪያም ቱንዴ ኦናኮያ በ2018 «ቼዝ ኢን ስላምስ አፍሪካ» የተባለውን ድርጅት መሠረተ። በሚያዝያ 2024 ኒውዮርክ ታይምስ ስኩዌር ላይ ለ60 ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ቼዝ ተጫወተ። ይህን ያደረገው ለአፍሪካ ልጆች ትምህርት ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ቼዝ ልጁን ወደ ትምህርት የመሳቢያ በር ሆኗል። ያ ከፈተና ውጤት ያነሰ ነገር አይደለም።

ቼዝን በአገር ደረጃ ስለያዘችው ስለ አርሜኒያ ጥቂት ልበል። 3 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አገር ናት። የእነሱ ፍቅር የቆየ ነው። አርመናዊው ቲግራን ፔትሮስያን በልጅነቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወላጆቹን አጥቶ መንገድ እየጠረገ ያደገ ሰው ነው። በ1963 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። አርሜኒያ በ2006፣ በ2008 እና በ2012 የቼዝ ኦሊምፒያድን አሸነፈች። በ2011 ደግሞ ቼዝን ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል አስገዳጅ የትምህርት ዓይነት አደረገች። መማር ያለብን ግን ከዋንጫዎቹ አይመስለኝም። ለቼዝ መጽሐፍ አዘጋጁለት፣ መምህራን አሠለጠኑለት፣ በሳምንቱ ፕሮግራም ላይ ቦታ ሰጡት። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ቼዞቹን በእርዳታ እናገኛለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። ቦርድ ከማሰባሰባችን በፊት መምህር እናዘጋጅ።

መምህሩ ጎበዝ ተጫዋች መሆን አለበት? የለበትም። እንዲያውም አንዳንድ ጎበዝ ተጫዋቾች ልጁ ሳያስብ መልሱን ይነግሩታል። እኔ የምፈልገው «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅና መልሱን እስኪያገኙት ድረስ የሚታገሥ መምህር ነው። ሕጉን በጥቂት ቀን ይማረዋል። ልጅ ቢያሸንፈው ደግሞ እንኳን አሸነፈው። ክፍሉ ለወራት ያወራዋል፤ ልጁም መምህሩ ሲሸነፍ እንዴት እንደሚሆን ያያል።

ስለ መሸነፍ ካነሳን፣ ይህ ለወላጆች ከባዱ ክፍል ነው። ልጃችሁ ይሸነፋል። ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። አንዳንዱ ያለቅሳል። ቼዝ ላይ መሸነፍ ከኳስ ይከብዳል፤ የሚካፈለው ጓደኛ የለምና። እባካችሁ ልጁ ከውድድር ሲወጣ «አሸነፍክ?» ብላችሁ አትቀበሉት። «እስቲ ጨዋታህን አሳየኝ» በሉት። እናንተ ጨዋታውን ባታውቁትም ችግር የለውም፤ ያስረዳችሁ። ለእናቱ ወይም ለአያቱ ሲያስረዳ የት እንደተሳሳተ ራሱ ያገኘዋል። ክፍል ውስጥ እኔ የማደርገው ይህንኑ ነው። ከጨዋታ በኋላ አሸናፊና ተሸናፊ አብረው ተቀምጠው ጨዋታው የተለወጠበትን አንድ ቦታ ይፈልጋሉ። ፈልገው ሲያገኙ ተሸናፊው ፊቱ ይፈታል። ከዚያ ወዲያ የሚያስበው «እኔ አልችልም» ብሎ ሳይሆን «እዚህ ጋ ሩኩን አላየሁትም» ብሎ ነው። ይህን አነጋገር በፈተና ወረቀቱ ላይም እንዲጠቀምበት ማድረግ የእኛ ሥራ ነው። የታረመ ወረቀት ሲመለስ «ውጤትህ ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት «የትኛው ጋ ነው የተለወጠው?» እንበለው።

ስለ ስልክም ብዙ ወላጆች ትጠይቁኛላችሁ። «ልጄ ስልክ ላይ ቼዝ ይጫወታል፣ ጥሩ ነው አይደል?» በስልክ የቼዝ እንቆቅልሽ መፍታት ጥሩ ነው። እንደ ሊቼስ ያሉ በነፃ የሚሠሩ ድረ ገጾችም አሉ። ግን ልጁ የሚጫወተው የአንድና የሦስት ደቂቃ የጥድፊያ ጨዋታ ከሆነ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ይጠፋል። ቆም ማለት የለም፣ ሦስቱ ጥያቄ የለም፣ ንግግር የለም። ተሸነፈ፣ ቀጣይ፣ ተሸነፈ፣ ቀጣይ። ለትንሽ ልጅ ይህ ችኮላን ማሠልጠን ነው። ቢያንስ እስከ 5ኛ ክፍል ድረስ በእጅ በሚነካ ጠጠር፣ ፊት ለፊት ከተቀመጠ ሰው ጋር ይጫወት።

አሁን በሥራ ላይ እንዴት እንደሚጀመር ልናገርና ላብቃ።

ቦርድ ከሌለ ካርቶን አለ። 8 በ8 አስምራችሁ ቀለም ቅቡት፤ ልጆቹ ራሳቸው ቢሠሩት ደግሞ የማስመሪያ ትምህርት ነው። ለጠጠር ዳማ የምንጫወትበት ቆርኪ ይበቃል። በላዩ ላይ የጠጠሩን ሥዕል ለጥፉበት።

በመጀመሪያው ቀን ስድስቱንም ዓይነት ጠጠር አታስተምሩ። ይህ የተለመደ ስህተት ነው፤ ልጁ ግራ ይጋባና «ከባድ ነው» ብሎ ይተወዋል። በወታደሮች ብቻ ጀምሩ። ስምንት በስምንት ይሰለፋሉ፤ አንድ ወታደር ቀድሞ ወዲያኛው ጫፍ ያደረሰ ያሸንፋል። ይህ ራሱን የቻለ ሙሉ ጨዋታ ነው። ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ይቆያል። ከዚያ ሩክ ይጨመር፣ ቀጥሎ ቢሾፕ፣ ንግሥትና ንጉሥ፣ በመጨረሻ ፈረስ። በየሳምንቱ አንድ አዲስ ነገር ብቻ። ንጉሡ ማምለጫ የሚያጣበት ቼክሜት ላይ የሚደርሱት ወር ከምናምን ቆይተው ነው፤ እስከዚያ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየተጫወቱ ነው።

ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያዋን 10 ደቂቃ መምህሩ አንድ አቀማመጥ ሰሌዳ ላይ ሰቅሎ ለመላው ክፍል ይጠይቅ። 20 ደቂቃ ሁለት ለሁለት ይጫወቱ። የመጨረሻዋን 10 ደቂቃ ሁለት ቡድን ወጥቶ ያደረገውን ያስረዳ። ሰዓት ሲያጥር የሚቆረጠው ሁልጊዜ ይህች የመጨረሻዋ ክፍል ናት። እሷን አትቁረጡብኝ። ጨዋታው ሳያልቅ ቢቀር ይቅር፤ ቦርዱ እንዳለ ተመዝግቦ ሳምንት ይቀጥላል።

ከዓመት በኋላ ጠቅሞ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? ሻምፒዮን አትፈልጉ። የሒሳብ አማካይ ውጤትም ብቻውን አይነግራችሁም። መምህራን፣ ቼዝ ባልሆነ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ልጆቹን አድምጡ። መልስ ከመስጠቱ በፊት ጥያቄውን ዳግመኛ የሚያነብ ልጅ ጨመረ ወይ? ጓደኛው ሲሳሳት «ሞኝ» ከማለት ይልቅ «ለምን እንዲህ አልክ?» የሚል ልጅ ተገኘ ወይ? በጥቅምት ላይ አንድ ጊዜ፣ በግንቦት ላይ አንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ልጅ በአጭሩ ጻፉ። ያልተቀየረ ነገር ካለ ቼዙን ከመተዋችሁ በፊት የመጨረሻዋን 10 ደቂቃ እንዴት እንደምታካሂዷት መርምሩ።

ለመምህራኑ ሥልጠና እኔ ራሴ እመጣለሁ። ያለ ክፍያ ነው። በክረምቱ ዕረፍት ጥቂት ቀናት ይበቁናል፤ ከየትምህርት ቤቱ ሁለት ሁለት መምህራን ስጡኝ። ሁለት የምለው አንዱ ቢዛወር ሌላው እንዲቀጥል ነው። መመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። አመሰግናለሁ፤ አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።